ዲፓርትመንት ሄድ ለሆናችሁ ወጣት መምህራን

ገና ሠላሳ ሳትደፍኑ የትምህርት ክፍል ኃላፊ የሆናችሁ ብዙ ናችሁ። እንኳን ደስ አላችሁ ልበል ወይስ እግዜር ይርዳችሁ? ሁለቱንም ያዙልኝ።

በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ለውጥ ስም ይዞ ነው የሚመጣው። ቢፒአር (የአሠራር ሂደትን እንደ አዲስ መቅረጽ) አየን፣ ቢኤስሲ (ሚዛናዊ የውጤት መመዘኛ) አየን፣ አንድ ለአምስት ተደራጀን፣ ካይዘን የሚባለውን የጃፓን የአሠራር ማሻሻያ ሠለጠንን። ተያያዥ ኮርሶችን በአንድ የሚያሰባስበው ሞጁላርም ተባለ። ወደ ሦስት ዓመት ወርዶ የነበረው ዲግሪ በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን (የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት) ሲመለስ አራት ሆነ። በ2015 ተማሪው ለመመረቅ የሚፈተነው የመውጫ ፈተና ተጀመረ። አሁን ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎችም ይከተላሉ ተብሏል። ከእነዚህ ውስጥ ደህና ሐሳቦች ነበሩ። ግን የፊተኛው ምን አፈራ ብሎ የጠየቀ ሳይኖር የኋለኛው ፎርማት ይበተናል።

ስለዚህ እናንተም ስም ያለው ለውጥ ይዛችሁ አትምጡብን። አንድ ወረቀት ተከተሉ። ለምሳሌ የማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ጥናቱን ድራፍት ካስገባበት ቀን እስከ ዲፌንስ (ጥናቱን በፈታኞች ፊት እስከሚያቀርብበት ቀን) ወረቀቱ የት የት እንደሚቆም እዩ። አድቫይዘሩ (አማካሪ መምህሩ) ኤክስቴንሽንም፣ ማለትም የማታና የቅዳሜ እሑድ ተማሪም ስለሚያስተምር እሱ ጋ ይከርማል። ኤክስተርናል ኤግዛሚነር (ከሌላ ተቋም የሚመጣ ፈታኝ) እስኪገኝ ይቆማል። ደብዳቤው ዲን ቢሮ ፊርማ ይጠብቃል። የፈታኙ ክፍያ ፋይናንስ ጋ ይንጠለጠላል። ልጁ ግን በየወሩ ቤት ኪራይ ይከፍላል።

እኔ በነበርኩበት ክፍል ይህን ስንከታተል፣ ብዙው መዘግየት የመጣው ወረቀቱ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ነው። ጸሐፊዋ ጋ አንድ ሠንጠረዥ ተከፈተ፦ የተማሪው ስም፣ ወረቀቱ ያለበት እጅ፣ የገባበት ቀን። ስብሰባ ሲጀመር ይነበባል። ያኮረፉ ነበሩ፤ በተለይ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሳው። ግን ፈጠን አሉ።

ስለ ስብሰባ ካነሳን፣ ዝም ያለ ሁሉ ተስማማ ብላችሁ እንዳትሸወዱ። የክፍሉ መምህራን ስብሰባ፣ ካውንስሉ ላይ ያጸደቀውን ሻይ ቤት ገብቶ የሚያፈርስ ሞልቷል። አጀንዳው ከመቅረቡ በፊት አንጋፋው መምህር ቢሮ ጎራ በሉ። ካሪኩለም ስንቴ ሲገለበጥ አይቷል፤ የት እንደሚሰናከል ያውቃል። ነገረኛ ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ ብትሰሙት ይሻላል።

የመውጫ ፈተና ውጤት ዝቅ ሲል አራተኛ ዓመት ላይ ቲቶሪያል መደርደር ለሪፖርት ይመቻል። እናንተ ሁለተኛ ዓመት ላይ የትኛው ኮርስ ግማሹ ሳይሸፈን ግሬድ እንደገባ ጠይቁ። ጥያቄው ወዳጅ ያስቀይማል፤ ቢሆንም ጠይቁ። ራሳችሁም ክፍል መግባት አታቁሙ፤ ሎድ (የማስተማር ድርሻ) ቢቀነስላችሁም አንድ ኮርስ ያዙ። ተማሪ የሚያማርረውን ከደብዳቤ ቀድማችሁ የምትሰሙት እዚያ ነው።

ርክክብ ሲባል ቁልፍና ማህተም ብቻ ነው የሚመስለን። ምን እንደተጀመረ፣ የት እንደቆመና ማን እንደሚጠየቅ ሁለት ገጽ ጻፉ። ሹመት ሳይታሰብ ይነሳልና ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሩት።