ፖሊስ መኪናዬን፣ ስልኬን ይከታተላል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ እነዳለሁ። ፖሊስ ሳላውቅ መኪናዬ ላይ ጂፒኤስ መለጠፍ ይችላል?

መልስ፦ የፍርድ ቤት ማዘዣ ከያዘ አዎ። ይህ ጥያቄ መልስ ያገኘው ደግሞ እርስዎ በሚነዱበት ከተማ በተነሣ ጉዳይ ነው። አንትዋን ጆንስ የተባለ የምሽት ክበብ ባለቤት በዕፅ ንግድ ተጠረጠረ። ዳኛው መሣሪያው በ10 ቀን ውስጥ፣ ያውም ዲሲ ውስጥ እንዲገጠም ፈቀዱ፤ ፖሊስ ግን በ11ኛው ቀን፣ ሜሪላንድ ባለ የመኪና ማቆሚያ፣ ከጂፑ ሥር ለጠፈው። ለ28 ቀናት ተከታተሉት። እ.ኤ.አ. በ2012 ዘጠኙም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ሰውን ካላግባብ ፍተሻ የሚጠብቀው አራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተጥሷል አሉ፤ በምክንያቱ ግን አልተስማሙም። ዳኛ ስካሊያ የሰው ንብረት መነካቱን ያዙ፤ ዳኛ አሊቶ የክትትሉን መርዘም። እኔ ከአሊቶ ጋር ነኝ፤ ዛሬ መኪና ሥር መንበርከክ ማን ያስፈልገዋል?

ጥያቄ፦ ጎዳና ላይ ሁሉም ያየኛል። ምኑ ነው ምስጢሩ?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1983 ፍርድ ቤቱም እንዲሁ ብሎ ነበር፤ ያኔ የተከታተሉት ግን መከታተያ የተደበቀበትን አንድ በርሜል ነው፤ ያውም በአንድ ጉዞ ብቻ። የወር ጉዞህ ሲደረደር የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደምትስም፣ የትኛው ሐኪም ዘንድ እንደምትመላለስ፣ ማን ቤት እንደምታመሽ ይነግራል።

ጥያቄ፦ ስልክስ?

መልስ፦ ካርፔንተር የተባለ ተከሳሽ መዝገብ፣ እ.ኤ.አ. 2018። መርማሪዎች ስልኩ የት እንደነበረ የሚያሳይ የ127 ቀን መረጃ ከስልክ ኩባንያዎች ወሰዱ፤ 12,898 የቦታ ነጥብ! አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ማዘዣ ያስፈልጋል ተባለ። ከሰባት ቀን ላነሰ መረጃ ግን ጥያቄውን ክፍት ተዉት፤ አስቸኳይ አደጋም ሲኖር ማዘዣ አይጠበቅም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ካርፔንተር ተፈታ?

መልስ፦ አልተፈታም። ፖሊሶቹ በወቅቱ የነበረውን ሕግ አምነው በቅን ልቦና ስለሠሩ ማስረጃው ይጸናል ተባለ። ጆንስም ቢሆን በመጨረሻ ጥፋተኛነቱን አምኖ 15 ዓመት ተፈርዶበታል። ይግባኝ አሸነፈ ሲባል ቤቱ ገባ ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ፖሊስ አስቁሞኝ ስልክህን ክፈት ቢለኝስ?

መልስ፦ ቢያስርህ እንኳ ስልክህን ለመፈተሽ ማዘዣ ያስፈልገዋል፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2014 ተወስኗል። ወድደህ ከሰጠኸው ግን ማዘዣው ቀረ። በትሕትና «አልፈቅድም» በል፤ እጅህን ከመሪው ላይ አታንሣ።