የጦር ሜዳ ሐኪሞች ለምን ግሉኮስ አይሰቅሉም?

ጥያቄ፦ ልጄ በአሜሪካ ምድር ጦር ውስጥ የጦር ሜዳ የሕክምና ባለሙያ ለመሆን ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ በሥልጠና ላይ ይገኛል። በስልክ ሲያጫውተኝ፣ ብዙ ደም የሚፈሰውን ቁስለኛ ከሁሉ አስቀድመው እግሩን ወይም ክንዱን በማሰሪያ ጥብቅ አድርገው እንደሚያስሩት፣ ግሉኮስ ግን እንደማይሰቅሉለት ነገረኝ። እኔ ያደግሁት የታሰረ እግር ይበሰብሳል ሲባል እየሰማሁ ነው። ደሙ ያለቀ ሰው ግሉኮስ ከተከለከለስ በምን ይተርፋል? ደሙንስ በበረሃ ከየት ያመጡታል?
እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ የተከበሩ እናት፣ ልጅዎ የነገረዎት ትክክል ነው። በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ደም 5 ሊትር ያህል ሲሆን፣ የጭን ትልቁ የደም ቧንቧ ከተቆረጠ ሰውየው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2011 በኢራቅና በአፍጋኒስታን የሞቱ አሜሪካውያን ወታደሮች ጉዳይ ሲመረመር፣ ሆስፒታል ሳይደርሱ ካለፉትና ምናልባት ሊተርፉ ይችሉ ነበር ከተባሉት መካከል ከ10ሩ 9ኙ የሞቱት ደም በመፍሰሱ ነበር። የጦሩ መመሪያ ከአተነፋፈስም በፊት የደሙን መቆም የሚያስቀድመው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ማሰሪያው፣ ማለትም ስለ ቱርኒኬት ያለዎት ስጋት ለብዙ ዘመን የሐኪሞችም ስጋት ነበር። ይሁን እንጂ ባግዳድ በሚገኝ የአሜሪካ ጦር ሆስፒታል በ2006 የታከሙ ቁስለኞች ሲጠኑ፣ ሰውነታቸው ከመዝለፍለፉ በፊት ከታሰረላቸው 90 በመቶው ሲተርፉ፣ ከተዝለፈለፉ በኋላ ከታሰረላቸው የተረፉት 10 በመቶው ብቻ ናቸው፤ በማሰሪያው ምክንያት ብቻ እግሩን ወይም እጁን ያጣ ሰውም አልተገኘም። ለዚህ የበቁት ግን ወደ ሆስፒታል በፍጥነት በመወሰዳቸው ጭምር ነው። በዩክሬን ጦርነት ድሮኖች ቁስለኛ ማንሳቱን ስላዘገዩት፣ ለረጅም ሰዓት ሳይፈታ በቆየ ማሰሪያ ምክንያት እግርና እጅ እስከ መቆረጥ የደረሱ አሉ። ስለዚህ ባለሙያው የታሰረበትን ሰዓት ይጽፋል፤ 2 ሰዓት ሳይሞላም ቁስሉን እንደገና አይቶ፣ የሚቻል ከሆነ ማሰሪያውን በጠንካራ ፋሻ ይተካዋል።

ብሽሽት፣ ብብትና አንገት በዚህ ዓይነት ሊታሰሩ አይችሉም። እዚያ ላይ ደም የሚያረጋ ካኦሊን የተባለ ማዕድን ያለበትን ጎዝ ወደ ቁስሉ ውስጥ ጠቅጥቆ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ መጫን ያስፈልጋል። ደረትና ሆድ ውስጥ የሚፈሰውን ደም ግን በሜዳ ላይ ማቆም ስለማይቻል፣ የቁስለኛው ዕድል ቀዶ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ በሕይወት መቆየቱ ነው።

ወደ ግሉኮሱ ስንመጣ፣ በተለምዶ በዚህ ስም የምንጠራው በከረጢት የሚሰቀል ፈሳሽ ስኳር ወይም ጨው የተቀላቀለበት ውሃ ነው። ውሃ ኦክስጅን አይሸከምም፤ በቁስለኛው ሰውነት የቀረውን ጥቂት ደም ከማቅጠኑም በላይ ደምን የሚያረጉትን ንጥረ ነገሮች ያሳሳል። የደም ግፊቱን ከፍ ሲያደርገው ደግሞ ገና መርጋት የጀመረውን ደም ገፍቶ ቁስሉን እንደገና ሊከፍት ይችላል። አሜሪካዊው ሊቅ ዋልተር ካነን ይህን የመጨረሻውን አደጋ ገና በ1918፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አስጠንቅቀው ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ለብዙ አሥርት ዓመታት ችላ መባሉ በእኔ አስተያየት እጅግ የሚያሳዝን ነው። ደም ያጣ ሰውነት ይቀዘቅዛል፣ አሲድ ይበዛበታል፣ ደሙም መርጋት ያቅተዋል፤ ሦስቱ እርስ በርሳቸው እየተባባሱ ስለሚገድሉ ቁስለኛው በሙቀት ጨርቅ ይጠቀለላል፤ በረሃ ላይም ቢሆን ይህ አይቀርም።

ስለዚህ ደም ላጣ ሰው የሚሰጠው ደም ነው። የአሜሪካ ጦር አሁን የሚያስቀድመው ያልተከፋፈለ ሙሉ ደም ሲሆን፣ ይህም በማቀዝቀዣ እስከ 35 ቀን ይቆያል። ለማንኛውም ቁስለኛ እንዲሆን የሚመረጠው፣ የሌላውን ሰው ደም የሚያጠቃው ፀረ እንግዳ አካል በውስጡ አነስተኛ የሆነ ኦ ደም ነው። ሙሉ ደም ባይገኝ የእስራኤል ጦር እንደሚያደርገው የደረቀ የፕላዝማ (የደም ውሃማ ክፍል) ዱቄት በውሃ በጥብጦ መስጠት ይቻላል። ከዚሁ ጋር 2 ግራም ትራኔክሳሚክ አሲድ ይሰጣል። ይህ መድኃኒት የረጋው ደም መልሶ እንዳይሟሟ ይከላከላል፤ ከ20,000 በላይ ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት ላይ ተመሥርቶ በ2011 የታተመ ትንተና ግን ከቆሰሉ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲሰጥ ሊጎዳ እንደሚችል አሳይቷል። በከረጢት ያለው ደም እንዳይረጋ የተጨመረበት ሲትሬት የቁስለኛውን ካልሲየም ስለሚያስር፣ ከመጀመሪያው ከረጢት በኋላ ካልሲየም ይሰጠዋል።

የያዙት ደም ካለቀ ምንጩ ጓዶቹ ናቸው። በተለይ ሬንጀር በተባለው የአሜሪካ ልዩ የእግረኛ ጦር ውስጥ ተስማሚ ኦ ደም ያላቸው ወታደሮች ከመዝመታቸው በፊት ተመርምረው ይመዘገባሉ፤ ባለሙያውም በሜዳው ላይ ከአንዱ ክንድ ወደ 450 ሚሊ ሊትር ያህል ቀድቶ፣ ገና ትኩስ ሳለ ለቁስለኛው ይሰጠዋል። የልጅዎ የደም ዓይነት ኦ ከሆነና በምርመራው ተስማሚ ሆኖ ከተገኘ፣ እርሱም ከለጋሾቹ አንዱ ሊሆን ይችላል።