መልስ፦ የወሊድ ቃላት ለቬትናም ነርሶች

ሰላም ወንድሜ። ቬትናማውያን ነርሶችህ የእንግሊዝኛ የወሊድ ቃላት አልያዝላቸው እንዳለ ጽፈሃል። ከራሳቸው ቋንቋ ጀምርላቸው። ማህፀን በቬትናምኛ «ቱ ኩንግ» ነው፤ ሲፈታ የልጅ ቤተ መንግሥት እንደማለት ነው። ደስ አይልም? «ኮ» ደግሞ አንገት ነው። እኛ የማህፀን በር የምንለውን እነሱ «ኮ ቱ ኩንግ»፣ የማህፀን አንገት ይሉታል። የእንግሊዝኛ ስሙ ሰርቪክስም በላቲን አንገት ነው። ይሄን ስትነግራቸው ቃሉ ቶሎ ይገባቸዋል። ፕላሴንታ፣ ማለትም እንግዴ ልጅ፣ በላቲን ኬክ ነው። ፋሎፒያን፣ ማለትም እንቁላልን ወደ ማህፀን የሚያደርሰው ቱቦ፣ ግን ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ሐኪም ስም የመጣ ስለሆነ በቃ መሸምደድ ነው።

ዋናው ጣጣ አነጋገሩ ላይ ነው። የቬትናምኛ ቃል በ«ስ» ድምፅ አያልቅም። ስለዚህ «ፔልቪስ»ን፣ ማለትም የዳሌ አጥንትን፣ «ፔልቪ» ብለው ሊቆርጡት ይችላሉ። መጨረሻዋን እያስረዘሙ ይለማመዱ፦ ፔልቪስስስ።