የኬልፕ ክኒኑን ከመዋጥሽ በፊት

እህቴ፣ «ነፍሰ ጡር ነኝ፣ አንገቴም ትንሽ አብጧል፤ ከውጭ የተላከልኝን የኬልፕ ክኒን ልውሰድ ወይ?» ብለሻል። ባሕር ዳር መድኃኒት ቤት ውስጥ ስለምሠራ እንዲህ ያለ ብልቃጥ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ኬልፕ አዮዲን የሚበዛበት የባሕር አረም ነው፤ ሳትመረመሪ አትጀምሪው። የአንገት እብጠት ሁሉ የአዮዲን እጥረት አይደለም።

እስኪ ብልቃጡን አዙሪና ጀርባውን አንብቢ። «ኬልፕ 500 ሚሊ ግራም» የሚለው የባሕር አረሙ ክብደት ነው፤ የአዮዲኑ አይደለም። «አዮዲን» ከሚለው ትይዩ ያለውን ቁጥር ፈልጊ። ከሌለ፣ ክኒኑን እርሺው። ካለም ማይክሮ ግራም ይሁን ሚሊ ግራም አጣሪ፤ 1 ሚሊ ግራም 1000 ማይክሮ ግራም ነው። 12.5 ሚሊ ግራም አዮዲን የያዘ ክኒን ገበያ ላይ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር የሚመክረው ግን በቀን 250 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው!

ደግሞ ኬልፕ ላይ የተጻፈው ቁጥር ራሱ ብዙ አይታመንም። አረሙ አዮዲኑን የሚስበው ከባሕሩ ውሃ ነው፤ መጠኑ እንደ ዝርያው፣ እንደ በቀለበት ቦታና እንደ ወቅቱ ይለያያል። በ1 ግራም ደረቅ የባሕር አረም ውስጥ ከ16 ማይክሮ ግራም አንስቶ እስከ 3000 የሚጠጋ ተለክቷል። አርሰኒክና ካድሚየም የሚባሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮችም ሊኖሩበት ይችላሉ። አዮዲን ሲበዛ ደግሞ አንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ እጢ አንዳንዴ ያዳክማል፣ አንዳንዴ ከልክ በላይ ያሠራል፤ የፅንሱም እጢ አይተርፍም። እንቅርት ይድናል ሲባል በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ።

ሐኪምሽ ተጨማሪ አዮዲን ያስፈልግሻል ካለ ፖታሺየም አዮዳይድ ያለበትን የእርግዝና ቫይታሚን ጠይቂ። ብዙ ጊዜ 150 ማይክሮ ግራም ነው፣ መጠኑም የታወቀ ነው። የታይሮይድ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪው።

እዚህ «የጣናን አሳ እየበላን አዮዲን ያንሰናል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ያንሰናል። ጣና የጨው ውሃ አይደለም፤ ቆሮሶውም አምባዛውም የባሕር አሳን ያህል አዮዲን የላቸውም። ለቤታችን የሚበጀው አዮዲን ያለው የታሸገ ጨው ነው። ከድነሽ ደረቅ ቦታ አስቀምጪው፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሪው። ጨው አብዢ ማለቴ ግን አይደለም።

ለእርግዝና ክትትል ስትሄጂ የታይሮይድ የደም ምርመራ እንዲያዙልሽ ጠይቂ። ብልቃጡንም ይዘሽ ሂጂና አሳያቸው።