አክሲዮናችሁን ማን ይገዛችኋል?

ልጆች፣ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ካፌ በገባሁ ቁጥር ስለ አክሲዮን ሲወራ እሰማለሁ። ጓደኛሞች ተሰብስበው ዱቄት ፋብሪካ ያቋቁማሉ፣ ሌሎቹ ብሎኬት ማምረቻ፣ ሌሎቹ ዳቦ ቤት። ደስ ይላል። የሰው ሒሳብ ስመረምር ያረጀሁ ሰው ስለሆንኩ አንዳንዶቻችሁ መንገድ ላይ ታስቆሙኛላችሁ። «ጋሼ፣ ድርጅቱ እያደገ ነው። ትርፉን እንካፈል ወይስ እናቆየው?»

ከመጽሐፍ የተማራችሁት መልስ አላችሁ። የሚያድግ ድርጅት ትርፉን አይከፍልም፣ መልሶ ይሠራበታል። ማስረጃም አይጠፋም። ማይክሮሶፍት አክሲዮኑን ለሕዝብ የሸጠው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው፤ የመጀመሪያውን የትርፍ ድርሻ የከፈለው ግን በ2003 ነው። ዋረን ቡፌት የገነባው በርክሻየር ሃታዌይም በእሱ ዘመን የከፈለው አንዴ ብቻ፣ በ1967 ነው። ባለድርሻዎቹ አልከሰሩም፣ እንዲያውም ከበሩ። አንድ ብር ድርጅቱ ውስጥ ሆኖ የሚያመጣው እናንተ ኪስ ገብቶ ከሚያመጣው ከበለጠ እዚያው ይቆይ ነው ነገሩ።

ስሌቱን አልቃወምም። ግን አንድ ነገር ተዘሏል። የማይክሮሶፍት ባለድርሻ ገንዘብ ቢቸግረው አክሲዮኑን ሸጦ ጣጣውን ይጨርሳል። ድርሻ አልተከፈለኝም ብሎ አያማርርም፤ ያልተከፈለው ትርፍ የአክሲዮኑን ዋጋ ከፍ አድርጎለታል። የኮምቦልቻው ዱቄት ፋብሪካ ባለድርሻስ? ልጁ ቢታመምበት ለማን ይሸጣል? የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ፣ ማለትም አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት ገበያ፣ ሥራ የጀመረው ገና በ2017 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። እናንተ የምታቋቁሙት ዓይነት ድርጅት እዚያ እስኪደርስ ብዙ ውሃ ይፈሳል። እስከዚያው ባለድርሻው ከድርጅቱ ብር የሚያይበት መንገድ የትርፍ ድርሻ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። እቁብ ውስጥ እንኳ ቢዘገይም ዕጣ ይወጣል። እዚህ ግን «እያደግን ነው» እየተባለ አሥር ዓመት ሊያልፍ ይችላል።

አንድ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። የድርጅቱን ስም ተዉት። ሰብሳቢው ሪፖርቱን አነበበ፣ 12 ሚሊዮን ብር አትርፈናል አለ፣ ተጨበጨበ። ቀጥሎ ማስፋፊያ ስላለብን ዘንድሮ ድርሻ አንከፍልም አለ። ጭብጨባው ቀዘቀዘ። ከኋላ አንዲት የባቲ እህል ነጋዴ እጃቸውን አወጡ። «ይሁን፣ አትክፈሉን። ብሩ የት እንዳለ ብቻ አሳዩን።» ሳቅ ሆነ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ሒሳቡ ሲገለጥ ከ7 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ደንበኞች እጅ በዱቤ ቀርቷል። ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋው መጋዘን ውስጥ ያለ ስንዴ ነው። ባንክ ያለው አንድ ሚሊዮን አይሞላም። እንግዲህ ይህ ድርጅት ድርሻ ሊከፍል አይችልም። ማስፋፋትም አይችልም! አትርፏል፣ ውሸት የለበትም። ግን በትርፉ ሲሚንቶ አይገዛም። ሰብሳቢው «አንከፍልም» ከሚል «ዱቤ መሰብሰብ አቅቶናል» ቢል ይሻል ነበር።

ከዚህ የባሰም አለ። ባለድርሻ እንዳይቆጣ ተብሎ ከባንክ ኦቨርድራፍት፣ ማለትም ሒሳቡ ውስጥ ካለው በላይ የሚወጣ ብድር፣ ወስዶ ድርሻ የሚከፍል ቦርድ አለ። ወለዱን የሚከፍለው ያው ባለድርሻው ነው። እንዲህ ያለ ድርሻ ሲሰጣችሁ አትደሰቱ።

ሙልጭ አድርጎ መካፈልም ያው ጥፋት ነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ስንቱ መጋዘን እንደተራገፈ አይታችኋል። ተራ የኢንሹራንስ ውል ደግሞ ጦርነትን አይሸፍንም። ባንክ ውስጥ ያልተነካ ትርፍ የነበራቸው ቶሎ ማሽን ጠገኑ፣ እህል ገዙ። በየዓመቱ የመጨረሻዋን ብር የተካፈሉት ግን ከባለድርሻ መዋጮ ለመኑ፤ ባለድርሻውም ቤቱ ተዘርፎበት ነበር። ሌላም አለ። እዚህ ወሎ ወለድ የማይነካ ሰው ብዙ ነው። ከወለድ ነጻ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮች ቢመጡም ማስያዣ መጠየቃቸው አይቀርም። መበደር ለማይፈልግ ወይም ለማይችል ድርጅት የማደጊያ ገንዘቡ ያስቀረው ትርፍ ነው።

የባንክ አክሲዮን ያላቸው ወላጆቻችሁ «ባንኩ ቢሊዮን አተረፈ ይባላል፣ እኔ ጋ የሚመጣው ወረቀት ነው» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። እዚያ ቦርዱ ብቻውን አይደለም የሚወስነው። ብሔራዊ ባንክ የባንኮች መጠባበቂያ ካፒታላቸውን እስኪያክል ድረስ ከዓመቱ የተጣራ ትርፍ 25 በመቶው እንዲቀመጥ ያዛል። በ2013 ደግሞ ዝቅተኛውን ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር አሳደገው። ብዙዎቹ ድርሻውን ወደ አክሲዮን እየቀየሩ ካፒታል ያሟሉት ለዚህ ነው። እናንተ ላይ ይህን ያህል ከባድ ግዴታ የለም፤ ስለዚህ በባንክ አታሳብቡ።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። እያደጋችሁም ቢሆን ትንሽ ክፈሉ። ባንክ ውስጥ ካለው ብር ሕጉ አስቀምጡ የሚላችሁ መጠባበቂያና የሦስት ወር የሥራ ማስኬጃ ከተቀነሰ በኋላ፣ ከቀሪው ሩብ ያህሉ ይበቃል። ሩብ ያልኩት ሕግ ስላለው አይደለም፣ ከልምድ ነው። ዋናው ጥቅሙ ባለድርሻው የሚያገኛት ብር አይደለችም። ሰኔ ላይ ድርሻ እንደሚከፍል የሚያውቅ ሥራ አስኪያጅ ግንቦት ላይ ዱቤውን ይሰበስባል። አዲስ ፒካፕ ከመግዛቱ በፊትም ሁለቴ ያስባል። አንድም ብር የማይጠየቅ ሥራ አስኪያጅ ግን፣ ጨዋ ቢሆንም፣ ብሩን የራሱ ማየት ይጀምራል።

የሚቀረው ትርፍ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥ። በየስማችሁ ወደ አክሲዮን ተቀይሮ፣ ካፒታሉ አድጎ ይመዝገብ። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሳይከፋፈልና መልሶ ሥራ ላይ ሳይውል የቀረን የድርጅት ትርፍ ግብር ያስከፍላል። ሲወጣ 10 በመቶ ነበር። በ2017 አዋጁ ስለተሻሻለ አሁን ያለውን መጠን ከገቢዎች ጠይቁ። «ትርፉ ድርጅቱ ውስጥ ነው፣ ማን ይነካናል» ያሉ ሰዎች ቅጣት ሲመጣባቸው አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ ለመነጋገር ጥሩው ጊዜ ገና ትርፍ ሳይኖር ነው፤ ብር ከመጣ በኋላ ወንድማማችም አይስማማም። መመሥረቻ ጽሑፉን ከመፈረማችሁ በፊት የትርፍ አከፋፈሉን እዚያው ጻፉት። ሰው ሲወጣ ወይም ሲሞት አክሲዮኑ እንዴት እንደሚገመትም ይግባበት። ሟች 20 ሺህ ብር አዋጥቶ ከነበረ ለሚስቱ 20 ሺህ ብር ቆጥሮ መስጠት የተለመደ ሆኗል፤ ድርጅቱ በስንት እጥፍ ማደጉን ማንም አያነሳላትም። ስለዚህ ግምቱ በመጨረሻው የተመረመረ ሒሳብ እንዲሆን ይጻፍ። የገማቹን ክፍያ ማን እንደሚችልና ገንዘቡ በስንት ወር ውስጥ ተከፍሎ እንደሚያልቅም አብሮ ይግባ።