«የካርቦን ክፍያው በሻጭ ይሸፈናል» የሚል ውል ልፈርም?

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ ብሎን የሚያመርት አነስተኛ ድርጅት አለኝ። ጥቅል ብረቱን ከቱርክ አስመጣለሁ። አንድ የጀርመን ደንበኛ የላከልኝ ውል «የካርቦን ድንበር ክፍያ ሙሉ በሙሉ በሻጭ ይሸፈናል» ይላል። ሕጉ ያስገድደኛል? ልፈርም?

መልስ፦ እንዲህ እንዳለ አይፈርሙ።

ሕጉ እርስዎን አያስገድድም። የካርቦን ድንበር ክፍያ ማለት ዕቃው ሲመረት ወደ አየር ለተለቀቀው የካርቦን ጋዝ (ልቀት)፣ ዕቃው ወደ አውሮፓ ኅብረት ሲገባ የሚጠየቅ ክፍያ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 2023/956 ክፍያውን የጣለው ዕቃውን ወደ ኅብረቱ በሚያስገባው ሰው ላይ ነው። ይኸውም ደንበኛዎ ነው። ጣጣው ውሉ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1731 መሠረት፣ በአግባቡ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው። ማንም ያልጫነብዎትን ዕዳ በገዛ ብዕርዎ ሊሸከሙ ነው።

ብሎን ደንቡ ውስጥ አለበት። ቡና ወይም አበባ ቢልኩ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመለከትዎትም ነበር። ሆኖም አስመጪው በዓመት የሚያስገባው ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ሲሚንቶና ማዳበሪያ ተደምሮ ከ50 ቶን ካልበለጠ ነፃ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የሚቆጠረው የእርስዎ ጭነት ብቻ አይደለም። ሰውየው ከሌላ አገር 200 ቶን ካስገባ፣ የእርስዎ 3 ቶንም አብሮ ይገባል። ስለዚህ የዓመቱን ድምር በጽሑፍ ይጠይቁት።

ጊዜውንም ያስቡት። ክፍያው የሚመለከተው እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ የሚገባውን ዕቃ ነው። የ2026ቱ ሒሳብ የሚዘጋው ግን እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2027 ነው። ብሎኑ ተሸጦ፣ ገንዘቡም ሥራ ላይ ውሎ ካለቀ በኋላ የክፍያ ሒሳቡ በዩሮ ይመጣብዎታል። ዋጋው የአውሮፓን የካርቦን ገበያ ስለሚከተል ዛሬ ስንት እንደሚሆን አይታወቅም።

በምትኩ «ክፍያው የገዢ ነው፤ ሻጭ የልቀት መረጃ በወቅቱ ይሰጣል» ይበሉ። አሻፈረኝ ካለ ጣሪያ ያስቀምጡ፤ በቶን ይህን ያህል ዩሮ፣ ከዚያ በላይ የገዢ።

መረጃ እሰጣለሁ ሲሉ ግን የሚችሉትን ብቻ ቃል ይግቡ። የብሎን ትልቁ ልቀት ከእርስዎ ማሽን አይደለም፤ ብረቱ ከቀለጠበት ፋብሪካ ነው። ለቱርኩ አቅራቢዎ በሚቀጥለው ትዕዛዝ ላይ ያቀለጠውን ፋብሪካ ስም፣ የባች ቁጥርና በገለልተኛ አካል የተረጋገጠ የልቀት መጠን እንዲልክ ይጻፉበት። እነዚህን ከዲክላራሲዮኑ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ ያኑሩ፤ ትራንዚተሩ ጋ አይተዉት። መረጃ ከሌለ ኅብረቱ ራሱ ያወጣው ቁጥር ይወሰዳል። እሱ ደግሞ ጭማሪ ስላለበት አብዛኛውን ጊዜ የበለጠ ያስከፍላል።

ደንበኛዎ ሲመልስልዎት የዳኝነት አንቀጹንም አብረው ይላኩልኝ። ክርክሩ ጀርመን ፍርድ ቤት ይታያል ካለ፣ የጠበቃው ሒሳብ ብቻ ከብሎኑ ትርፍ ሊበልጥ ይችላል።