ጅማ ላይ የሥራ ቦታ ጉብኝት፦ ለኤርጎኖሚክስ ባለሙያዎች ጥያቄና መልስ

ባለሜትር፦ በቡና ወቅት መጋዘንና ማጠቢያ ለመጎብኘት የምታስቡ የኤርጎኖሚክስ (ሥራን ከሠራተኛው አካል ጋር የማጣጣም ሙያ) ባለሙያዎች ስለበዛችሁ ጥያቄያችሁን እዚሁ አምጡ። ስለ ሸክም፣ ስለ እጅ ለቀማ፣ ስለ ልኬትና ስለ ጉብኝቱ አካሄድ እመልሳለሁ። ሦስት ነገር ከወዲሁ ይያዝልኝ። ሠራተኛው ራሱ ሳይፈቅድ ፎቶ አይነሳም። ካቦው በቆመበት ሠራተኛ ስለ ሕመሙ አይጠየቅም። ጆንያ ተሸክሞ በሚመጣ ሰው መንገድ ላይ አይቆምም።

አዌቱ ማዶ፦ ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ 14 ባለሙያዎች ይመጡብናል። ነሐሴን አስበን ነበር፤ ይሆናል?

ባለሜትር፦ ነሐሴ ላይ የምታሳዩአቸው የቆመ ማሽንና ባዶ የቡና ማድረቂያ አልጋ ነው። እሸት ቡና በብዛት የሚገባው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። የጀንፈሉ (ከነገለፈቱ የደረቀው ቡና) ፍልፈላ፣ ብጠራውና የእጅ ለቀማው የሚደምቀው ከዚያ በኋላ ነው። ወሩን ያገኙ ሰዎች ደግሞ ሰዓቱን ይስታሉ። ገበሬው ቀን ሲለቅም ውሎ እሸቱን የሚያስረክበው ወደ ማምሻው ነው፤ የእሸቱ መፈልፈያም የሚነሳው ያኔ ነው፣ ሌሊቱንም ይሠራል። ጠዋት 3 ሰዓት ማጠቢያ የደረሰ ቡድን ማሽኑን ዝም ብሎ ያገኘዋል። ስለዚህ ጠዋት የማድረቂያ አልጋውን ሥራ እዩ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ርክክቡንና ፍልፈላውን። መጋዘን ከሆነ መኪና የሚጫንበትን ቀን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ጭነት በሌለበት ቀን መጋዘን የጆንያ ክምር ብቻ ነው።

ሰፌድ፦ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ይግባ?

ባለሜትር፦ ለአንድ አስጎብኚ 6 ሰው። ከዚያ ከበዛ ኋላ ያለው አይሰማም፣ የሠራተኛውንም መተላለፊያ ይዘጋል። በአንድ ሜትር ርቀት ለመሰማማት ድምፃችሁን ከፍ ማድረግ ካስፈለገ ጩኸቱ 85 ዴሲቤል አካባቢ ደርሷል ማለት ነው፤ መፈልፈያ አጠገብ ቆሞ ማብራራት ጉሮሮ ማድከም ነው። ማብራሪያውን ውጭ ጨርሱት፣ ውስጥ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ፣ ከወጣችሁ በኋላ ተወያዩ። ለ90 ደቂቃ ጉብኝት 20 ደቂቃ መግቢያ፣ 45 ደቂቃ ውስጥ፣ 25 ደቂቃ ውይይት ይበቃል።

ሦስተኛ ፈረቃ፦ የ60 ኪሎ ጆንያ አነሳስን ለጎብኚዎች በቁጥር ማሳየት እንፈልጋለን። የትኛው ቀመር ይሻላል?

ባለሜትር፦ እዚህ ላይ ረዘም ልበል። የናዮሽ (የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም) የማንሳት ቀመር፣ በ1991 (እ.ኤ.አ.) የተሻሻለው፣ ከ23 ኪሎ ይነሳል፤ ሁኔታው በከፋ ቁጥር ከዚያ እየተቀነሰ ይሄዳል። ሜትር ይዛችሁ አራት ነገር ለኩ። መጀመሪያ ከሁለቱ ቁርጭምጭሚቶች መሐል እስከ እጅ ያለውን አግድም ርቀት፤ 40 ሳ.ሜ. ከሆነ የቀመሩ መነሻ 25 ለ40 ሲካፈል 0.625 ነው። ቀጥሎ እጁ ጆንያውን ሲጨብጥ ከወለል ያለውን ከፍታ፤ 15 ሳ.ሜ. ከሆነ ቀመሩ ከሚነሳበት 75 በ60 ያንሳል፣ ለእያንዳንዱ ሳንቲሜትር 0.003 ስትቀንሱ 0.82 ይቀራል። ሦስተኛ ወደ ላይ የተነሳበት ርቀት፤ ለ60 ሳ.ሜ. 0.895 ነው። አራተኛ ወገቡ የተጠማዘዘበት ማዕዘን፤ ካልተጠማዘዘ 1። በዚህ ላይ በደቂቃ አንዴ፣ ቀኑን ሙሉ የሚነሳ ከሆነ 0.75፤ ጆንያ እጀታ ስለሌለው 0.90። ሁሉንም ከ23 ጋር አባዙት፤ የሚወጣው 7.1 ኪሎ ነው። 60ን ለዚያ ስታካፍሉ 8.4 ገደማ። ይህ መጠን ከ1 ሲያልፍ ስጋት ይጀምራል፤ ከ3 ሲያልፍ ለብዙ ሠራተኛ አደጋ ነው።

ብዙ ጎብኚ እዚህ ላይ «ጆንያውን ከወለል ከፍ አድርጉት» ብሎ ይሄዳል። ያንንም አስሉት። ጆንያው 75 ሳ.ሜ. ከፍታ ላይ ቢቀመጥ፣ እጅ እስከ 25 ሳ.ሜ. ቢጠጋ፣ ሳይጠማዘዝና ከ25 ሳ.ሜ. ባልበለጠ ርቀት ቢነሳ 15.5 ኪሎ ይወጣል። 60 ለ15.5 ያው 3.9 ነው። ከፍታው ይረዳል፣ ችግሩን ግን አይፈታውም፤ ችግሩ ክብደቱ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1967 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 128 ለአንድ ጎልማሳ ወንድ ከ55 ኪሎ በላይ የሚሸከምበት አሠራር በቶሎ ዝቅ እንዲል ይላል። የኛ የውጭ ንግድ ጆንያ 60 ነው፤ ኩንታሉ ደግሞ 100።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቀመሩ በሁለት እጅ ቆሞ ለማንሳት ብቻ ነው። ጆንያ ትከሻው ላይ ጭኖ ሳንቃ ወጥቶ መኪና ላይ የሚደርስን ሰው በዚህ አትለኩት። ለእሱ የመንገዱን ርዝመት፣ የሳንቃውን ስፋትና ተዳፋት፣ ዝናብ ያረጠበው መሆኑን፣ በሰዓት ስንት ጉዞ እንደሚሄድ መዝግቡ።

መጋዘን ጠባቂ፦ ይህ ቀመር በፈረንጅ ሰውነት የተለካ ነው። የኛ ጫኝና አውራጆች ኩንታል ተሸክመው ይሮጣሉ።

ባለሜትር፦ የምታያቸው የቀሩትን ነው። ወገቡ የተጎዳው ሥራውን ትቶ ሄዷል፤ መጋዘን ውስጥ አታገኘውም። ጎብኚም የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው፦ ዛሬ የቆመውን ጤነኛ አይቶ ሥራው አይጎዳም ይላል። ባለፈው ዓመት የነበሩት የት ሄዱ ብላችሁ ጠይቁ። ካቦው በሌለበት።

ሂርማታ፦ ችግሩ እኮ ክፍያው ነው። በጆንያ ነው የሚከፈላቸው። ጆንያውን 30 ኪሎ ብታደርገው ገቢያቸው በግማሽ ይወርዳል፤ ራሳቸው ይቃወሙሃል።

አጋሮ መንገድ፦ ከዚያም በላይ ጉዞው እጥፍ ይሆናል። ድካሙ ያው አይደል?

ባለሜትር፦ ያው አይደለም፤ በቁጥር ይታያል። 30 ኪሎ በደቂቃ ሁለት ጊዜ ቢነሳ የድግግሞሹ ማባዣ ከ0.75 ወደ 0.65 ብቻ ነው የሚወርደው። ሌላው እንዳለ ሆኖ የሚመከረው ክብደት 6.2 ኪሎ ይሆናል፣ 30 ለዚያ 4.9። ከ8.4 ወደ 4.9። አሁንም ብዙ ነው፣ ግን ድካሙ ያው ነው የሚለው አይቆምም። ሂርማታ ያነሳችው ትክክል ነው፦ ክፍያው ከጆንያ ቁጥር ወደ ኪሎ ካልተቀየረ ማንኛውም ማሻሻያ ከሠራተኛው ኪስ ይወጣል። ጎብኚ ክፍያው በምን እንደሚሰላ ሳይጠይቅ ምክር አይስጥ።

ሂርማታ፦ በኪሎ ቢሆንስ ሚዛኑን ማን ይይዛል? እዚያም ጭቅጭቅ አለ።

መጋዘን ጠባቂ፦ ሚዛን ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሌባ ነው ልትዪ ነው?

ባለሜትር፦ ስለ ሚዛን ሌላ ቀን። ወደ ጉብኝቱ እንመለስ።

ቀበቶ፦ ለተሸካሚዎች የወገብ ቀበቶ ብናከፋፍልስ?

ባለሜትር፦ አታከፋፍሉ። ናዮሽ በ1994 (እ.ኤ.አ.) መርምሮ ጉዳት ይከላከላል ለማለት በቂ ማስረጃ አላገኘም፣ ለጤነኛ ሠራተኛም አልመከረውም። በዚያ ገንዘብ ባለሁለት ጎማ ጋሪ ግዙ።

የእጅ ለቀማ፦ ኦቦ ባለሜትር፣ ሴቶቹ ለቀማ ላይ አንገታችንን ይላሉ። ጎብኚዎች ምን ይለኩ? ጠረጴዛውን 75 ሳ.ሜ. ማድረግ ይበቃል?

ባለሜትር፦ 75 የሚለውን ቁጥር እርሺው። ጠረጴዛ የሚለካው ከወለል ሳይሆን ከክርን ነው። ሴትየዋ ተቀምጣ ክንዷን ስትጥል ክርኗ ያለበት ከፍታ፣ የለቀማው ገጽ እዚያ አካባቢ ይሁን። ገጹ ዝቅ ሲል ፍሬውን ለማየት አንገቷን ትደፋለች፣ ከፍ ሲል ትከሻዋን ታነሳለች። ሴቶቹ በቁመት ስለሚለያዩ መቀመጫውን ከፍና ዝቅ የሚል አድርጉ፤ እግሯ ወለል ለማይነካ የእግር መርገጫ ስጧት። ሲደጋገም የሚዘረጋ እጅ ከ40 ሳ.ሜ. ባይርቅ ጥሩ ነው። ፍሬውን የሚያሳልፍ ቀበቶ ማጓጓዣ ካለ የስፋቱን ግማሽ እንጂ ሙሉውን ለአንዲት ሴት አትስጡ።

መብራቱን ደግሞ ብዙ ሰው በተሳሳተ ቦታ ይለካል። መለኪያው ደረት አጠገብ ተይዞ የሚወጣው ቁጥር ምንም አይናገርም። ገጹ ላይ፣ ፍሬው ባለበት ይቀመጥ፤ የለኪውም ጥላ አይውደቅበት። ቀለም እየለዩ ለሚሠሩት ሥራ በተለምዶ የሚፈለገው 1000 ሉክስ ነው። በመስኮት ብርሃን ብቻ የሚሠራበት ቦታ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ሁለቴ ይለካ፤ ጅማ ደመናማ ስትሆን ልዩነቱ ከፍተኛ ነው። ብርሃን ያነሰበት ቦታ አንገት ይታመማል፤ ሴትየዋ ወደ ፍሬው ትጠጋለችና። ወንበር ቀይረው ሕመሙ ያልቆመላቸው ሰዎች አንድም ጊዜ መብራቱን አልለኩም።

የማድረቂያ አልጋም በዚሁ ሕግ ነው። ስፋቱ 2 ሜትር ከሆነ ከሁለቱም ወገን ቢሠራ እንኳ መሐሉ 1 ሜትር ይርቃል፤ አጭሯ ሴት ጎንበስ ብላ ሆዷን አልጋው ላይ ታስደግፋለች። መድረስን በአጭሯ፣ ማለፍን በረጅሙ ለኩ።

ካሜራ፦ ቪዲዮ እንቅረጽ? ሩላ (የሰውነት አቋምን በነጥብ የሚመዝን ቅጽ) ለመሙላት ይረዳናል።

ባለሜትር፦ ሠራተኛው ከፈቀደ። ባለቤቱ ፈቅዷል ማለት ሠራተኛው ፈቅዷል ማለት አይደለም። ካሜራው በዳሌ ከፍታ፣ ከሰውየው ጎን ቀጥ ብሎ ይሁን፤ ከላይ ወይም በሰያፍ ሲቀረጽ የወገብ ማዕዘን ይዋሻል። አንድ ሙሉ ዙር ብቻ አትቅረጹ፣ ቢያንስ አምስት። ሩላ ከ1 እስከ 7 ነው፤ 7 ከወጣ ሥራው ዛሬውኑ ይለወጥ ማለት ነው። ሩላ ግን ለላይኛው አካል ነው፤ ለጆንያ ተሸካሚ መላ አካልን የሚመዝነውን ሬባን ተጠቀሙ።

አዲስ መጤ፦ ጥሩ ጉብኝት እንዴት ይዘጋጃል?

ባለሜትር፦ ምኑ? ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የሰው ብዛቱ፣ ልኬቱ ከላይ አለ። የጎደለውን ለይተህ ጠይቅ።

ጥቁር ዓባይ፦ ሆስፒታል ውስጥ ታካሚ ማንሳትንስ እንዴት እንጎብኝ?

ባለሜትር፦ ያንን ለነርሶች ተዉት። የታካሚ ፈቃድ ሌላ ሥርዓት ነው።

የመርፌ ዓይን፦ በ2011 ዓ.ም. በተመረቀው የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት መስመር ማየት ብንፈልግ?

ባለሜትር፦ ፈቃዱን ለፓርኩ አስተዳደርና ለፋብሪካው ለየብቻ፣ በጽሑፍ፣ ከወር በፊት ጠይቁ። ስትገቡ መርገጫው ከመርፌው አንፃር የት እንዳለ፣ መቀመጫው ከፍታው ይስተካከል እንደሆነ፣ አንገት ስንት ዲግሪ እንደሚደፋ እዩ። አንድ ሥራ መርጣችሁ ቆዩበት። ስድስት ክፍል እየዘለለ ያለፈ ጎብኚ ከመንገደኛ አይለይም።

ሰፌድ፦ ስንት ሰው ይግባ ያልነው 6 ነበር ወይስ 15?

ባለሜትር፦ 6። ለአንድ አስጎብኚ። ከላይ ተጽፏል፣ ጠያቂውም አንተው ነህ።

ሦስት እግር፦ የጅማ በርጩማ የሚጠርቡትንስ? ለወገብ ጥሩ መቀመጫ ነው ይባላል።

አጋሮ መንገድ፦ ጥሩ ነው፤ ሦስት እግር ስለሆነ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም አይነቃነቅም።

የእጅ ለቀማ፦ አለመነቃነቁ እውነት ነው። ግን አጭር ነው፤ ጉልበት ከዳሌ በላይ ይወጣል፣ ወገብም ይጎብጣል።

ባለሜትር፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ለቡና ማፍላት የተሠራ ከፍታ ለ8 ሰዓት ለቀማ አይሆንም። ጠራቢዎቹን መጎብኘት ይቻላል፤ እንጨቱን በእግር ይዘው ሲጠርቡ የመሣሪያውን አቅጣጫ እዩ፣ ፊት ለፊት አትቁሙ።

አዌቱ ማዶ፦ ሠራተኞቹ አፋን ኦሮሞ ነው የሚናገሩት። ፎርማኑ ያስተርጉምልን?

ባለሜትር፦ ፎርማኑ አያስተርጉም! ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። አስተርጓሚ ከውጭ አምጡ። የሰውነት ሥዕል አትማችሁ አንገት፣ ትከሻ፣ ክርን፣ አንጓ፣ ላይኛው ጀርባ፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ምልክት ይደረግ፤ ሠራተኛው በጣቱ ያሳያችኋል፣ ብዙ መተርጎምም አያስፈልግም። ሥዕሉ ላይ ስም አይጻፍ።

ሦስተኛ ፈረቃ፦ ሕጉስ ምን ይላል?

ባለሜትር፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤና የመጠበቅ ግዴታ አሠሪው ላይ ይጥላል፤ መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ዝርዝሩን የሕግ ሰው ጠይቁ።

አዌቱ ማዶ፦ ለባለቤቱ ምን ትተንለት እንሂድ?

ባለሜትር፦ አንድ ገጽ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ። ሦስት ልኬት፣ ሦስት ማሻሻያ፣ የእያንዳንዱ ግምታዊ ዋጋ። ለሠራተኞቹም ይነበብላቸው።

ሰፌድ፦ ጫማስ? ሸበጥ ይቻላል?

ባለሜትር፦ አይቻልም። የተሸፈነ፣ የማያንሸራትት። የማጠቢያው ወለል ሁልጊዜ እርጥብ ነው። የጀንፈል መፈልፈያ ቤት ለሚገባም የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ አቧራው ብዙ ነው።